መስኮት ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳውን ለኩት

ባለፈው ሐምሌ፣ ጎንደር ላይ ዝናቡ ያለ ፋታ በሚወርድበት ሰሞን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጨርቅ ይዤ ሳሎን ውስጥ ተንበርክኬ ነበር። ከመስኮቱ ስር ውሃ ይገባል። ከአዲሱ መስኮት! ገና ሦስት ወር ያልሞላው፣ ብሩን ስቆጥር እጄ የተንቀጠቀጠበት የአሉሚኒየም መስኮት። ነቅዬ የጣልኩት አሮጌው የእንጨት መስኮት በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ውሃ አስገብቶ አያውቅም። እማዬ በር ላይ ቆማ አየችኝና ምንም አላለችም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት መስኮቱን የገጠመውን ገጣሚ ጠራሁት፤ ጥፋቱ የለሳኙ ነው አለ። ለሳኙን ጠራሁት፤ የገጣሚው ነው አለ። ቆይቶ ሲታይ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ነበራቸው፣ የቀረው ጥፋት ደግሞ የእኔ ነበር። ቤት ሳድስ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ለወራት የተጨነቅኩት አሉሚኒየም ይሻላል ወይስ ዩፒቪሲ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ነጭ ይሁን ቡናማ በሚለው ነበር። ውሃው ግን በአሉሚኒየሙም በመስታወቱም ጥፋት አልገባም። የገባው በአገጣጠሙና በአለሳሰኑ ጥፋት ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚጀምርበትን የዕቃ ምርጫ ወደ ኋላ ላድርገውና ከቀዳዳው ልጀምር።

ቀዳዳው

ግድግዳ ላይ መስኮት ከፈታችሁ ማለት ከላይ ያለውን ሸክም የሚይዘውን አካል አወጣችሁ ማለት ነው። ሸክሙ የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት። የፋሲል ግቢን መስኮቶች ልብ ብላችሁ እዩዋቸው፤ ብዙዎቹ ከላይ ቅስት ናቸው። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በቆረቆሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1636 አካባቢ ማለት ነው፣ ፌሮ የሚባል ነገር አልነበረም። ድንጋይ ሲጫኑት ጎበዝ ነው፣ ሲያጎብጡት ግን ይሰበራል። ቅስቱ ከላይ የመጣውን ክብደት ተቀብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወርደዋል፣ ድንጋዮቹም እርስ በርስ ተጫጭነው ይቆማሉ። ዛሬ ያንን ሥራ የሚሠራልን ከመስኮቱ በላይ የሚተኛው ፌሮ ያለው ኮንክሪት ነው፣ ሊንተል የሚሉት።

የብሎኬት ቤት ካላችሁና መስኮቱን ማስፋት ካማራችሁ፣ «ትንሽ ከጎን ልምታው» የሚል ሠራተኛ ከመጣ አስቁሙት። ሊንተሉ በየጎኑ ቢያንስ 20 ሳንቲም ያህል ግድግዳው ላይ መደገፍ አለበት። ከጎን 15 ሳንቲም ስትፈልጡ ያንን ድጋፍ እየበላችሁ ነው። ወዲያው ላይወድቅ ይችላል። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ ግን ምክንያቱን ሩቅ አትፈልጉት።

ጭቃ ቤት ሌላ ነው። እዚያ ጣራውን የሚሸከመው ጭቃው ሳይሆን የእንጨቱ ቋሚ ነው። የእኛ ቤት ግማሹ እንዲህ ነበር፣ እና እኔ ለትልቅ መስኮት ብዬ አንድ ቋሚ ላስቆርጥ ምንም አልቀረኝም። አናጢው ነው «ጣራህን በምን ልታቆመው ነው?» ብሎ ያቆመኝ። በጭቃ ቤት መስኮት በቋሚና በቋሚ መሐል ይገባል፣ በቃ። ሰፊ ብርሃን ከፈለጋችሁ ሁለት ጠባብ መስኮት ጎን ለጎን አድርጉ።

የውጭ ግድግዳ ላይ አዲስ ቀዳዳ መክፈት ካሰባችሁ ደግሞ መዶሻ ከመነሳቱ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። በተለይ ፒያሳና ግቢው አካባቢ ከሆናችሁ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ ዙሪያውን እንደፈለጉ መለወጥ አይቻልም። ወደ ጎረቤት ግቢ የሚያይ መስኮት ከሆነም ከጎረቤታችሁ ጋር ቡና ጠጡና ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኋላ ከሚመጣው ጭቅጭቅ ይሻላል።

አሁን ልኬት። ቀዳዳ አራት ማዕዘን ይመስላል እንጂ አይደለም። ወርዱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለኩ። ቁመቱንም ከግራ፣ ከመሐልና ከቀኝ። ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ሁለቱንም። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ቀዳዳው ተንጋዷል። ለፍሬሙ የምትይዙት ትንሹን ቁጥር ነው፣ ከእሱም ላይ በየጎኑ ወደ 1 ሳንቲም ትቀንሳላችሁ። ክፍተቱን ፎም (ተነፍቶ የሚደርቅ አረፋ) እና ሲሊኮን (እንደ ጎማ የሚደርቅ መድፈኛ) ይሞላዋል። ፍሬሙ ግጥም ብሎ መግባት አለበት የሚል ሰው አትስሙ፤ ተጠብቆ የገባ ፍሬም ፀሐይ ሲመታው የሚለጠጥበት ቦታ ያጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር አለ። የተለካው ከልስን በፊት ነው ወይስ በኋላ? ልስን በየጎኑ 2 ሳንቲም ከበላ 120 የነበረው ቀዳዳ 116 ይሆናል። በባዶ ብሎኬት ለክታችሁ አዝዛችሁ፣ ለስናችሁ ብትጠብቁ፣ መስኮቱ መጥቶ አይገባም። ያኔ ወይ ልስን ይፈለጣል ወይ መስኮት ይቆረጣል። በርም እንዲሁ ነው፣ የበሩ ግን ከታች ነው። ሴራሚክ ሊነጠፍ ከሆነ ከነማጣበቂያው ወለሉ ከፍ ይላል። በሩ ቀድሞ ከተገጠመ ታችኛው ጠርዙ መፋቅ አለበት። መጀመሪያ ወለሉ የት እንደሚቆም ወስኑና ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሩ፣ ሁሉም ሠራተኛ ከዚያ መስመር ይለካ።

የመስኮቱ ከፍታስ? ሁሉም ሰው ከወለል 90 ሳንቲም ወይም 1 ሜትር ይላል፣ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። እማዬ ቡና የምታፈላው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው። ተቀምጣ ለካናት፤ ዓይኗ ከወለል 1 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። መስኮቱ 1 ሜትር ላይ ቢጀምር ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ስታይ ልትውል ነው፣ በሩን ማን እንደከፈተም አታይም። 80 ላይ አወረድነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ እሷ ያመሰገነችው ይህንን ብቻ ነው።

ፀሐዩና ዝናቡ

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ይህ ለመስኮት ምን ያደርጋል? ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ያልፋል፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ። ታኅሣሥ ላይ ደቡብ ላይ በጣም ዝቅ ሲል እንኳን በቀትር 54 ዲግሪ ያህል ከፍታ አለው። ስለዚህ በደቡብም በሰሜንም ላለ መስኮት ከግድግዳው ወጣ ያለ የጣራ ክዳን ይበቃዋል። 60 ሳንቲም ወጣ ያለ ክዳን በታኅሣሥ ቀትር ከስሩ 80 ሳንቲም ያህል ጥላ ይሰጣል።

ችግሩ ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ የትኛውም ክዳን አይመልሳትም። ምሥራቁን እኔ እወደዋለሁ። የጎንደር ጠዋት ይበርዳል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ያቺ የጠዋት ፀሐይ መኝታ ቤት ስትገባ ምድጃ ማለት ናት። ምዕራቡ ግን መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ያቃጥላል፣ ግድግዳው የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልስላችኋል። ምዕራብ ላይ ትልቅ መስታወት አታድርጉ። ካለም ዛፍ ትከሉ ወይም ከውጭ የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ አድርጉለት። መጋረጃ ሙቀቱ ከገባ በኋላ ነው የሚይዘው።

ስለ ስፋት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚባለው መስኮቱ ከወለሉ ስፋት አንድ አሥረኛ አይነስ ነው። 3 በ4 ክፍል ወለሉ 12 ካሬ ነው፣ 1.2 ካሬ መስኮት ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ 120 በ100 ቢሆን ልክ ይመጣል።

ዝናቡ ከየት በኩል እንደሚመታ ለማወቅ ምሁር አያስፈልግም። ክረምት ሲወጣ ግድግዳዎቹን ዞራችሁ እዩ። ጠቁሮ የሻገተው፣ ቀለሙ የተላጠው ወገን እሱ ነው። እዚያ ወገን ላይ ለሚገባው መስኮት ነው ገንዘባችሁን ማውጣት ያለባችሁ።

ከምን ይሠራ

አራት ምርጫ አለ። ሁሉም የሚሸጠውን ያሞግሳል፣ እኔ የምሸጠው ስለሌለኝ የማየውን ልናገር።

ብረት ሰፈሩ ሁሉ የሚሠራው ነው። በያጅ በየመንገዱ አለ፣ ቢሰበር በግማሽ ቀን ይጠገናል፣ ለሌባም ጠንካራ ነው። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ ጠርዙን የሚደፍን ጎማ ስለሌለው ነፋስና አቧራ ያስገባል፤ መስታወቱም በስቱኮ (በሚደርቅ ሊጥ) ነው የሚያዘው፣ ስቱኮ ደግሞ በፀሐይ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሁለተኛ ዝገት። ዝገቱ የሚጀምረው ከታችኛው ማዕዘን፣ ውሃ ከሚቆምበት፣ በተለይም ብየዳው ቀለሙን ካቃጠለበት ቦታ ነው። ስለዚህ ብየዳው ካለቀ በኋላ፣ ከመገጠሙ በፊት፣ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ሁሉንም ጎን መቀባት አለበት፤ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረውንም ጭምር። የሚታየው ብቻ ተቀብቶ የሚመጣ ብረት ከጀርባው ይበላል። ለውጭ በር ግን ዛሬም የምመርጠው ብረት ነው። የላሜራውን ውፍረት ጠይቁ፤ 0.8 ሚሊሜትር በጡጫ ይጎደጉዳል፣ 1.5 ሌላ ነገር ነው።

እንጨት አምሮ ቢሠራ እንደ ዋንዛ ያለ የለም። ሙቀትና ብርድ አያስተላልፍም፣ ሊጠገንም ይችላል። ግን መድረቅ አለበት፣ መድረቅ ስል በደንብ መድረቅ። እርጥብ እንጨት ተሠርቶ ከመጣ በበጋ ይጎብጣል፣ በክረምት ያብጣል፣ በሩ ሐምሌ ላይ አልዘጋ ይላል። ባህር ዛፍ ደግሞ መጠማዘዝ ልማዱ ነው። አናጢዎች የሚረሱት ነገር የበሩን የላይና የታች ጠርዝ መቀባት ነው። እንጨት ውሃ የሚጠጣው በቆረጡት ጫፉ ነውና ፊቱን ሦስት ጊዜ ቀብቶ ታቹን ባዶ መተው ትርጉም የለውም። መስታወት አስቀምጣችሁ ከታች እዩት።

አሉሚኒየም አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ቀለም በየዓመቱ አይፈልግም። እንደየፕሮፋይሉ፣ ማለትም ፍሬሙ እንደሚሠራበት ዘንግ፣ ግን ሰማይና ምድር ነው። አንዱ በጣት ሲጫኑት ይጎብጣል፣ ሌላው 1.4 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። «አሉሚኒየም» ተብሎ በተጻፈ ዋጋ አትዋዋሉ፤ ቁራጭ አምጣልኝ በሉና በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለኩት። ሌላው፣ አሉሚኒየም ሙቀትን ከእንጨት ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። በብርድ ጠዋት ፍሬሙ ላይ ጤዛ ብታዩ አትደንግጡ፣ የሚያፈስ እንዳይመስላችሁ። እና እባካችሁ፣ እርጥብ ሲሚንቶ አሉሚኒየምን ይበላል፣ የማይለቅ ነጭ ጠባሳ ይተዋል። መከላከያው ላስቲክ እስከ ልስኑ መጨረሻ ይቆይ፤ ልስኑ እንዳለቀ ደግሞ ወዲያው ላጡት። ለወራት ፀሐይ ከመታው ተጣብቆ ይቀራል። ጎረቤቶቻችን ለማማር ብለው ትተውት አሁን በቢላ እየፋቁ ነው።

ዩፒቪሲም እንደ እንጨቱ ሁሉ ሙቀት አያስተላልፍም፣ ጎማው ስለሚገጥም አቧራና ጫጫታ ይከላከላል። ጥንካሬውን የሚሰጠው ግን ውስጡ የሚገባው ብረት ነው። ብረት የሌለው ትልቅ መስኮት ይለምጣል። ከተዘጋ በኋላ ስለማይታይ ሲሠራ ሄዶ ማየት ነው። ሌላው ጠባዩ በሙቀት መለጠጡ ነው። 2 ሜትር የሆነ ፍሬም በ30 ዲግሪ ልዩነት ወደ 4 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ አሉሚኒየም በዚያው ልክ 1.4 ብቻ። ቅድም ክፍተት ተዉ ያልኩት ለዚህ ነው። ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ቀለም ከሆነ ደግሞ ይብሳል፣ ፀሐይ ይስባል።

የቱን ልምረጥ ለሚለኝ፦ ገንዘብ አነስተኛ ከሆነ በጥሩ ሁኔታ የተቀባ ብረት፣ ዝናብ ለሚመታው ወገንና ለመኝታ ቤት ጎማ ያለው አሉሚኒየም ወይም ዩፒቪሲ። ቤቱን በሙሉ አንድ ዓይነት ማድረግ ግዴታ አይደለም። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው አይቆጥርም።

መስታወቱን በአጭሩ ልለፈው። ድርብ መስታወት ብርድን በግማሽ ይቀንሳል፣ እውነት ነው፤ እኛ ግን ቤት በማሞቂያ አናሞቅም። የተለየ ምክንያት ከሌለ ለጎንደር ነጠላው ይበቃል። ዋና መንገድ ዳር ካላችሁ ድርቡ ጫጫታን ይረዳል፣ ግን መጀመሪያ ክፍተቱን ድፈኑ፤ ድምፅ በቀጭን ቀዳዳም ይገባል። የመስታወት ክብደት በካሬ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 2.5 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ የ6 ሚሊ ካሬው 15 ኪሎ ይመዝናል። ማጠፊያው ይህን የሚችል ይሁን። በር ላይና ከወለል ዝቅ ብሎ የሚጀምር መስታወት ካለ ተሰብሮ እንደ ስኳር የሚፈረፍር የተጠናከረ መስታወት አድርጉ። እሱ ግን ከተጠናከረ በኋላ አይቆረጥም፤ ልኩ ከተሳሳተ ተጣለ ማለት ነው።

አከፋፈቱ፣ እና ስለ ከሰል

ተንሸራታች መስኮት ቦታ አይወስድም፣ ነፋስ አይወረውረውም። ነገር ግን የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው። በማጠፊያ የሚከፈተው ሙሉውን ይከፈታል፣ ሲዘጋም ጎማውን ጨምቆ ስለሚይዝ ዝናብ ይከላከላል። ዝናብ በሚመታው ወገን ተንሸራታች አታድርጉ እላለሁ፤ እኔ አድርጌ ነው።

ተንሸራታቹ የሚሄድበት የታችኛው ሐዲድ ውሃ መያዙ አይቀርም። ለዚህ ብሎ ፋብሪካው ወደ ውጭ የሚያስወጡ ትንንሽ ቀዳዳዎች ያበጁለታል። አሁን ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። የእኔ ለሳኝ፣ ሥራው እንዲያምር ብሎ፣ እነዚያን ቀዳዳዎች በሲሚንቶ አሳምሮ ደፍኗቸዋል። ገጣሚው ደግሞ የፍሬሙን ታች ወደ ውስጥ አዘንብሎ ገጥሞታል፣ ውሃ ልክ (ማዘንበልን የሚያሳየውን መለኪያ) ሳያስቀምጥ። ሐዲዱ ሞላ፣ መውጫ አጣ፣ ወደ ሳሎን ፈሰሰ። እኔስ? ሁለቱም ሲሠሩ ቆሜ ሻይ እጠጣ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ እንድታነቡልኝ የምፈልገው ይህን ነው። አሮጌ መስኮትና በር ክፍተት አላቸው፤ በዚያ ክፍተት በኩል አየር ይገባል። ጎማ ያለው አዲስ መስኮት ስታስገቡ ያ አየር ይቆማል። ቤት ውስጥ ግን ልማዳችን አልተለወጠም። ቡና በከሰል ይፈላል፣ በብርድ ማታ ከሰል መኝታ ቤት የሚያስገባም አለ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ መስሎ ይመጣና ይገድላል። ድሮ የሚያተርፈን ያ የመስኮቱ ክፍተት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ከሰል የሚነድበት ክፍል ከጣራው ሥር የማይዘጋ የአየር መውጫ ይኑረው፣ መስኮቱም ተከፍቶ ይቆይ። ከሰል መኝታ ቤት አይግባ። ኩሽናም እንዲሁ፤ የምጣዱ እንፋሎት መውጫ ካጣ ግድግዳው ይሻግታል።

ስለ ፍርግርግ አንድ ቃል። ሁሉም መስኮት በብረት ፍርግርግ ከተዘጋና እሳት ቢነሳ በየት ይወጣል? ቢያንስ መኝታ ቤት አንዱ ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፣ ቁልፉም በጨለማ የሚገኝ ቦታ ይሰቀል።

በሩ

ዋናው በር 1 ሜትር ቢሆን አትቆጩም። ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሶፋና ፍሪጅ አለ። ለውስጥ በር 80 ወይም 90። መታጠቢያ ቤቱን ሰው ሁሉ 60 ወይም 70 ያደርገዋል፣ ከዚያ አያት ታማ በዊልቸር ስትመጣ አታልፍም። 80 ሳንቲም ባዶ ማለፊያ ይኑረው። መታጠቢያ ቤት ላይ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) አታስገቡ፤ ከታች ውሃ ጠጥቶ እንደ ዳቦ ያብጣል። ከባድ በር ሦስት ማጠፊያ ይፈልጋል። ሁለት ብቻ ያለው ከጊዜ በኋላ ያዘነብላል፣ ከዚያ ሰው ቁልፉ ተበላሸ ብሎ ቁልፍ ይቀይራል።

ሲገጠም ቆማችሁ እዩ

መጀመሪያ ውሃ ልክና ቱንቢ (ቀጥ ብሎ መቆሙን የሚያሳየው ገመድ) ይያዝ። ከዚያ ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር በብሎን ይያዛል። ፎም ብቻውን አይይዝም፣ ክፍተት መሙያ ነው። ፎም ፀሐይ ካየ ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል፣ ስለዚህ በልስን ወይም በሲሊኮን ይሸፈን። ሲሊኮኑ ከውጭ በኩል፣ አቧራው ተጠርጎ፣ በደረቅ ቀን። ከመስኮቱ ስር ያለው ጠርዝ ወደ ውጭ ያዘንብል፣ ከግድግዳውም ወጣ ይበል፤ ከስሩ ደግሞ ጣት የምታህል ቦይ ይቆረጥበት። ውሃ ጠርዙን ተከትሎ ወደ ግድግዳው ተመልሶ እንዳይሄድ እዚያች ቦይ ላይ ሲደርስ ይንጠባጠባል።

ውሉ ላይ የፕሮፋይሉን ውፍረት፣ የመስታወቱን ሚሊሜትር፣ የማጠፊያውን ብዛትና ሲሊኮኑን ማን እንደሚያደርግ አጽፉ። ከክፍያው የተወሰነ ያዙና ሲሊኮኑ አንድ ቀን ከደረቀ በኋላ፣ ገጣሚው እዚያው ቆሞ እያለ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ከመስኮቱ በላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። አንድ ሰው ከውስጥ ይይ። ደረቅ ከሆነ የቀረውን ክፈሉት።

እኔ የሳሎኑን መስኮት ነቅዬ እንደገና አስገጠምኩት፣ የውሃ መውጫዎቹንም በሚስማር ከፈትኳቸው። የኋላ ክፍሉ መስኮት ገና ነው። ስሩ ጨርቅ አለ።